ካሜራውና ጓዙ

ዲኤስኤልአር ካሜራ በመሠረቱ መስታወት የተገጠመለት ጥቁር ሣጥን ነው። ብርሃን በሌንሱ ይገባል፤ በ45 ዲግሪ ያዘነበለው መስታወት ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ከላይ የተቀመጠው ፕሪዝም የተገለበጠውን ምስል አቃንቶ ዓይን ወደሚጠጋባት ቀዳዳ ይልከዋል። ርካሾቹ ሞዴሎች በፕሪዝሙ ፋንታ ትንንሽ መስታወቶች ስላሏቸው ቀዳዳቸው ጠበብና ጨለም ይላል። ያም ሆነ ይህ ፎቶ አንሺው የሚያየው በስክሪን የተሠራ ምስል ሳይሆን ራሱን ብርሃኑን ነው። ቁልፉን ሲጫን መስታወቱ ብድግ ይላል፤ ከኋላው ያለው መጋረጃ ይከፈታል፤ ሴንሰሩ ብርሃኑን ይቀበላል፤ መጋረጃው ይዘጋል፤ መስታወቱም ተመልሶ ይተኛል። ያ የታወቀው «ቀጭ» የሚለው ድምፅ የዚህ ሁሉ ሥራ ድምፅ ነው። በዚህ አሠራር የተነሳ ፎቶ አንሺው ፎቶው በሚነሳባት በዚያችው ቅጽበት ምንም አያይም። ሙሽራዋ ዓይኗን የከደነችው ያን ጊዜ ከሆነ የሚያውቀው ሁሉም ሰው ከተበተነ በኋላ ነው።

ጓዙ ከካሜራው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳክ ኩባንያ ኢንጂነር የነበረው ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር፤ ጥራቷም 0.01 ሜጋፒክስል ብቻ። በ1991 ኮዳክ የኒኮንን ኤፍ 3 የፊልም ካሜራ ወስዶ 1.3 ሜጋፒክስል ሴንሰር ገጠመለትና ዲሲኤስ ብሎ በ20 ሺህ ዶላር ገደማ ለገበያ አቀረበው። ፎቶዎቹ ካሜራው ውስጥ አይቀመጡም ነበር፤ በገመድ ተያይዞ በትከሻ የሚነገት ሌላ ሣጥን ነበራቸው። እንግዲህ ዛሬ አንድ ፎቶ አንሺ ሦስት ቦርሳ ተሸክሞ ታክሲ ሲገባ ወያላው የሁለት ሰው ሒሳብ ቢጠይቀው ነገሩ የጀመረው ከዚያ ነው። በ1999 የኒኮን ዲ 1 በ2.7 ሜጋፒክስል መጣ። በ2003 ካኖን 300ዲ የተባለውን ባለ 6.3 ሜጋፒክስል ካሜራ ከ1,000 ዶላር በታች ሲሸጥ ዕቃው ከጋዜጠኞችና ከሀብታሞች እጅ ወጥቶ ወደ ሰፈር ፎቶ ቤት ገባ።

ካሜራ ሊገዛ የሄደ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» የሚል ነው። ሻጩም ይህን ያውቃል፤ ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውም ለዚሁ ነው። አንድን ፎቶ በኤ 4 ወረቀት ልክ ጥርት አድርጎ ለማሳተም 9 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል። ዛሬ መካከለኛ የሚባለው ካሜራ 24 አለው፤ በአግድም 6,000፣ በቁም 4,000 ነጥብ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ነጥብ ከተለቀመ በኋላ ፎቶው በቴሌግራም ይላካል፤ ቴሌግራም ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ ተቀባዩም ጫፉ በተሰነጠቀ የስልክ ስክሪን ላይ አይቶት «አሪፍ ነው» ይላል።

ሰው ሳይጠይቀው የሚያልፈው የሴንሰሩን ስፋት ነው። ፉል ፍሬም የሚባለው የድሮውን ፊልም ልክ ይዞ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በብዙዎቹ ርካሽ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ክሮፕ ሴንሰር 24 በ16 ገደማ ነው፤ ስፋቱ ከግማሽ በታች መሆኑ ነው። ሰፊ ሴንሰር ብዙ ብርሃን ስለሚሰበስብ በጨለማ አዳራሽ ውስጥ ልዩነቱ ፊት ላይ ይታያል። ክሮፑ ሌላም ጠባይ አለው፤ የሌንሱን እይታ ያጠብባል። በኒኮን 1.5፣ በካኖን 1.6 እየተባዛ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 75 ወይም 80 መስሎ ይሠራል። በሜዳ ላይ ይህ ችግር አይደለም። በጠባብ ሳሎን ውስጥ አሥራ ሁለት የቤተሰብ አባላትን በአንድ ፎቶ ለማስገባት ሲሞከር ግን ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ ሲሸሽ ሲሸሽ ጀርባው ቡፌውን ያገኘዋል፤ የቤቱ እመቤትም ከዚያ በኋላ ፎቶ ላይ ፈገግ አትልም።

የፎቶውን ብርሃን የሚወስኑት ሦስት መቆጣጠሪያዎች ናቸው። አንደኛው በሌንሱ ውስጥ ያለው ቀዳዳ፣ አፐርቸር ነው። ጀማሪን ሁሉ ግራ የሚያጋባው ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው መጥበቡ ነው፤ ኤፍ 2 ሰፊ ነው፣ ኤፍ 16 ጠባብ። ቁጥሩ ክፍልፋይ ስለሆነ ነው፤ ለሁለት ከተቆረሰ እንጀራና ለአሥራ ስድስት ከተቆረሰ እንጀራ የትኛው ድርሻ እንደሚሻል የራበው ሰው አይጠፋውም። ቁጥሮቹ 1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 እያሉ ይሄዳሉ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ቀዳዳው ሲሰፋ ከሰውየው ኋላ ያለው ነገር ሁሉ ይደበዝዛል። ይህ ለፎቶ አንሺ ትልቅ በረከት ነው፤ የለስላሳ ሣጥን፣ የተደራረበ የፕላስቲክ ወንበር፣ በገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ሁሉ ሟምቶ ይጠፋል። አደጋውም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ቤተዘመድ በሦስት ረድፍ ቆሞ በኤፍ 1.8 ከተነሳ ከፊት የተቀመጡት አክስቶች ጥርት ብለው ከኋላ የቆሙት አጎቶች ይደበዝዛሉ፤ አጎቶቹም ነገሩን በሌንስ አያሳብቡትም። ለቤተዘመድ ኤፍ 8 ይሻላል።

ሁለተኛው ሹተር ነው፤ መጋረጃው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ። ከ30 ሰከንድ ጀምሮ እስከ ሰከንድ 1/4000ኛ፣ በውድ ካሜራዎች ደግሞ እስከ 1/8000ኛ ይደርሳል። የቆመ ሰው በ1/60ኛ ይነሳል። እስክስታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከ1/500ኛ በታች ከሆነ ትከሻው ቀልጦ አንገቱ ብቻውን ይቀራል። ሦስተኛው አይኤስኦ ነው፤ 100፣ 200፣ 400 እያለ በእጥፍ ሲያድግ ካሜራው ያገኘውን ጥቂት ብርሃን ያጎላዋል፤ አብሮም ነጠብጣቡን ያጎላል።

እነዚህን ሦስቱን ማን እንደሚመራ የሚወስነው በካሜራው ራስ ላይ ያለው ተሽከርካሪ ቁልፍ ነው። በአረንጓዴው ላይ ሲሆን ሁሉንም ካሜራው ይወስናል። በኤም ላይ ሲሆን ሁሉንም ሰውየው ይወስናል። በኤም ማንሳት በፎቶ አንሺዎች መካከል እንደ ማዕረግ ስለሚታይ፣ ፀሐይ በደመና እየገባች እየወጣች በምታስቸግርበት ቀን እንኳ ኤምን የማይለቅ ሰው አለ፤ ከሦስት ፎቶ አንዱ ይጨልማል፣ አንዱ ይነጣል፣ ክብሩ ግን አይነካም። አፐርቸሩን ሰውየው፣ ሹተሩን ካሜራው የሚመርጥበት ሌላው ምልክት ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል።

ካሜራው ለብቻው ሲወስን የሚሳሳትበትን መንገድ ማወቅ ከማንኛውም ሌንስ ይበልጣል። በውስጡ ያለው የብርሃን መለኪያ ዓለምን ሁሉ እንደ ግራጫ ነገር ይቆጥራል፤ የተለመደው ግምት ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ነገር ከፊቱ ቆሟል የሚል ነው። ይህን ግምት ያወጡት ሰዎች ጥምቀትን አላዩም። በጃንሜዳ ሜዳውን የሞላው ሕዝብ ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሶ ሲቆም መለኪያው ይደነግጣል፤ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ውጤቱ ነጠላው ያልታጠበ መስሎ፣ ጠይሙ ፊት ደግሞ ከነጠላው ሥር ጠፍቶ የወጣ ፎቶ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በአጃክስና በበረኪና የደከመች እናት ያን ፎቶ ብታይ የምትለውን መገመት አያዳግትም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ትንሽ ቁልፍ ይዞ አንድ እርምጃ ወደ መደመር ማለፍ፣ አለዚያም መለኪያው ፊትን ብቻ እንዲያይ በስፖት ማዘዝ። የጥቁር ካባ ባሕርይ ደግሞ ተቃራኒ ነው። የስድስት ኪሎ ተመራቂዎች ጥቁር ጋውን ለብሰው በጥቁር ግድግዳ አጠገብ ሲቆሙ መለኪያው ጨለማ መስሎት ያበዛዋል፤ ተመራቂውም የገረጣ፣ ካባውም የታጠበ ከሰል የሚመስል ይሆናል። እዚያ መቀነስ ያስፈልጋል።

ፎከሱን የሚያገኘው ከመስታወቱ ሥር የተቀመጠ ሌላ ሴንሰር ነው። በቀን ፈጣን ነው፤ መብራቱ በደበዘዘ አዳራሽ ግን ሌንሱ ወዲያና ወዲህ ሲዋልል ኬኩ ተቆርጦ ያልቃል። መሃል ላይ ያለችው የፎከስ ነጥብ በአብዛኛው ከጎኖቹ የተሻለች ናት።

ቀለምን በተመለከተ ካሜራው ብርሃንን በኬልቪን ይለካል። ጧፍ 1,900 ገደማ፣ የድሮው ቢጫ አምፑል 3,000 ገደማ፣ የቀን ፀሐይ 5,500፣ ጥላ ከ7,000 በላይ ነው። አንድ ብቻ ከሆነ ማስተካከል ይቻላል። የዛሬ አዳራሽ ግን በመስኮቱ ፀሐይ፣ በጣሪያው ነጭ መብራት፣ ከሙሽሮቹ ኋላ ሐምራዊ፣ ከዲጄው በኩል አረንጓዴ ስለሚያበራ ሙሽራው ግማሽ ፊቱ ከአንድ አገር ግማሹ ከሌላ አገር ይሆናል። ፎቶውን በጄፔግ ሳይሆን በራው ማስቀመጥ ለዚህ ይጠቅማል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ሲኖረው ባለ 14 ቢት ራው 16,384 ስላለው በኋላ ለማረም ሰፊ ቦታ ይተዋል። ዋጋው ፋይሉ መግዘፉ ነው፤ የአንድ ቅዳሜ ሠርግ አንድ ሃርድ ዲስክ ያጣብባል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ጓዝ ነው፤ ከጓዞች ሁሉ ታላቁ ሌንስ ነው። ከካሜራው ጋር በካርቶን የሚመጣው 18–55 ብዙ ጊዜ ይናቃል፤ በቀን ብርሃን ግን የሚናቅ አይደለም። ችግሩ ወደ 55 ሲዘረጋ ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 አለመስፋቱ ነው። ከሁሉ የሚመሰገነው ባለሙያዎቹ «ሀምሳው» የሚሉት 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ነው። የካኖኑ ክብደት 160 ግራም፣ ዋጋው ዝቅተኛ፣ በመብራት እጥረት ላይ ያለው ብርታት ግን ከእጥፍ ገንዘብ ሌንሶች የሚበልጥ ነው። ዙም ስለሌለው ሰውየው ራሱ በእግሩ ዙም ያደርጋል። 70–200 ኤፍ 2.8 ደግሞ 1.5 ኪሎ ያህል የሚመዝን ሌንስ ነው፤ የሚገዛው አንድም ከሩቅ ለሚሠራ፣ አንድም ተከብሮ መግባት ለሚፈልግ ነው። ይህን ሌንስ በደረቱ ያንጠለጠለ ሰው በብዙ በር ላይ የጥሪ ካርድ አይጠየቅም። ሌንስና ካሜራ የሚያያዙበት ቀለበት በየኩባንያው ይለያያል፤ ኒኮን ከ1959 የጀመረውን ቅርጽ ይዞ ዘለቀ፤ ካኖን በ1987 ለውጦ የቀድሞ ደንበኞቹን በአሮጌ ሌንሶቻቸው አስታቅፏቸዋል። ስለዚህ ሌንስ ሲገዛ የሚመረጠው ኩባንያ ለረጅም ጊዜ የሚያስተሳስር ነው፤ የወንድም ሌንስ ለመዋስ ሲባል ከወንድም ጋር አንድ ኩባንያ መያዝ ብልህነት ነው።

ፍላሽ ብዙ ሰው የሚገዛው፣ ጥቂት ሰው የሚያውቀው ዕቃ ነው። ከካሜራው ራስ ላይ ብቅ የሚለው ትንሹ ፍላሽ የጉልበቱ መለኪያ 12 ያህል ነው፤ ይህ ቁጥር ለአፐርቸሩ ሲካፈል በአይኤስኦ 100 የሚደርስበትን ርቀት በሜትር ይሰጣል። በኤፍ 5.6 ሁለት ሜትር ብቻ ማለት ነው። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። በኮንሰርት ላይ ከሠላሳ ሜትር ርቀት ወደ መድረክ የሚተኮሰው ፍላሽ ሁሉ እንግዲህ ዘፋኙ ዘንድ አይደርስም፤ የሚያበራው ከፊት የቆመውን ሰው ማጅራት ነው። አናት ላይ የሚሰካው ትልቁ ፍላሽ ይሻላል፤ አንገቱም ስለሚታጠፍ ወደ ጣሪያ ተተኩሶ ለስላሳ ሆኖ ይመለሳል። ጣሪያው ነጭ ከሆነ። በአረንጓዴና በቢጫ ሸራ የተሠራ ድንኳን ውስጥ ወደ ላይ የተተኮሰ ፍላሽ ሙሽራዋን አረንጓዴ አድርጎ ይመልሳታል፤ የሜካፕ ባለሙያዋም ከፎቶ አንሺው ጋር ትጣላለች። ሹተሩም ከ1/200ኛ ወይም ከ1/250ኛ በላይ ከሆነ መጋረጃዎቹ ሙሉ በሙሉ ስለማይከፈቱ በፎቶው ላይ ጥቁር ሰንበር ይወጣል።

ፍላሽ ከቤት ውጭ በቀን መጠቀም ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ትቆማለች፤ ግንባሩ ያበራል፣ ዓይኖቹ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራሉ። ትንሽ ፍላሽ ጥላውን ይሞላዋል። ባትሪ ላለቀበት ደግሞ አንድ ሰው ነጭ ጋቢ ዘርግቶ ከፊት ለፊት ቢቆም ሥራውን ይሠራል፤ ከውጭ የሚመጣው ሪፍሌክተር ከዚህ የተለየ ጥበብ የለውም። በብዙ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ግን ለሥዕሎቹም ለጸሎቱም ሲባል ፍላሽ አይፈቀድም፤ እዚያ ሀምሳው፣ አይኤስኦ 3200 እና ትንፋሽ መያዝ ናቸው መፍትሔዎቹ።

ትራይፖድ ካሜራን ቀጥ አድርጎ ለመያዝ የተፈጠረ ባለ ሦስት እግር ነው፤ ከከተማ መሃል ሲዘረጋ ግን ሌላ አገልግሎትም አለው፤ ጥበቃ ይጠራል። በእጅ ይዞ መቶ ፎቶ ያነሳን ሰው ማንም ሳይጠይቀው ትራይፖድ የዘረጋ ሁሉ «ፈቃድ አለህ?» ይባላል። ዕቃው በአንድ ነገር ይመሰገናል። ባትሪው፣ ቻርጀሩ፣ ሌንሱ፣ የፍላሹ ንክኪ በየኩባንያው ሲለያይ፣ የትራይፖዱ ብሎን ግን በሁሉም ዘንድ ያው የሩብ ኢንች ነው። ኩባንያዎቹ የተስማሙት በዚህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሌንስ ላይ የሚጠለቁ የተለመዱ ማጣሪያዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። ዩቪ የሚባለው በፊልም ዘመን በደጋ አገር ይጠቅም ነበር፤ ዲጂታል ካሜራ ግን ራሱ ስለሚያጣራ ዛሬ ጥቅሙ የሌንሱን ፊት ከጭረት መጠበቅ ነው። ፖላራይዘር ሰማዩን ያጠቁራል፣ የውኃና የመስታወት ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ ይህን በኮምፒውተር መተካት ስለማይቻል ገንዘቡ አይቆጭም። ኤንዲ ደግሞ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ የጢስ ዓባይን ውኃ እንደ ጥጥ አለስልሶ ለማንሳት የሚፈልግ ይገዛዋል። ከሦስቱም ይልቅ ርካሹ የፕላስቲክ ጥላ ሌንስን ከፀሐይም ከግጭትም ይጠብቃል፤ ብዙው ሰው ግን ገልብጦ እንደታሸገ አድርጎት ይዞራል።

አቧራ የበጋ ጠላት ነው። ሌንስ በነፋስ ላይ ከተለወጠ አቧራው ሴንሰሩ ላይ ያርፍና በኤፍ 16 በተነሳ ሰማይ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ለዚህ የተሠራ የጎማ መንፊያ አለ፤ በአፍ «እፍ» ማለት ግን አቧራውን ምራቅ ያደርገዋል። የክረምቱ ጠላት ሻጋታ ነው፤ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው «አይበላም» የተባለበት ትንሽ ከረጢት እርጥበት ስለሚመጥ ቦርሳ ውስጥ ቢቀመጥ ይረዳል።

ቪዲዮ ወደ ዲኤስኤልአር የገባው በ2008 ነው፤ መጀመሪያ በኒኮን ዲ 90፣ ከዚያ በሙሉ ጥራት በካኖን 5ዲ ማርክ 2። በ2010 «ሀውስ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የምዕራፉን መዝጊያ ክፍል በዚሁ ካሜራ ቀርጾታል። ለሠርግ ግን አንድ እንከን ነበረበት፤ ፋይሉ 4 ጊጋባይት ሲሞላ፣ ማለትም 12 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ ቀረጻው ይቆማል። የኋለኞቹ ሞዴሎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ እንዲቆሙ የተደረገው ደግሞ በጊዜው በነበረው የአውሮፓ ሕግ 30 ደቂቃ የሚቀርጽ ካሜራ የቪዲዮ ካሜራ ቀረጥ ይከፍል ስለነበር ነው። የአባት ምርቃት ይህን ቀረጥ አያውቅም፤ ከ30 ደቂቃ በላይ ሊሄድ ይችላል።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ የካሜራው ሰዓት። በአንድ ሠርግ ላይ ሁለት ፎቶ አንሺ ሲኖር የአንዱ ካሜራ በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ሰዓት፣ የሌላው በአበሻ 3 ሰዓት ከተሞላ፣ ፎቶዎቹ በኮምፒውተር ላይ በሰዓት ሲደረደሩ የስድስት ሰዓት ክፍተት ይፈጠራል። በአልበሙ ላይ ኬኩ የሚቆረጠው ሙሽራዋ ከቤቷ ሳትወጣ ይሆናል።

ካኖን 1ዲኤክስ ማርክ 3ን፣ ኒኮን ዲ 6ን በ2020 ካወጡ በኋላ ፊታቸውን መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች አዙረዋል። ስለዚህ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ዛሬ በርካሽ ይገኛል፤ ለጀማሪም ከዚህ የተሻለ ግዢ የለም። ገዢው ግን ሻጩ «ብዙም አልሠራም» ብሎ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን የፎቶ ቁጥር አይመን፤ ያ ቁጥር 9999 ሲደርስ ወደ 0001 ይመለሳል። መታየት ያለበት የሹተሩ ቁጥር ነው፤ በአብዛኞቹ የኒኮን ካሜራዎች ከእያንዳንዱ ፎቶ መረጃ ጋር ይጻፋል፣ በካኖን በልዩ ፕሮግራም ይነበባል። 5ዲ ማርክ 2 ለ150 ሺህ፣ 1ዲኤክስ ማርክ 2 ለ400 ሺህ ምት ተሠርተዋል። በኤፍ 16 ነጭ ግድግዳ አንስቶ አቧራውን፣ በባትሪ መብራት ሌንሱን አሳልፎ ሻጋታውን መፈተሽም ያስፈልጋል። ከተስማማ ካሜራውን ከሀምሳው ሌንስ ጋር ይግዛ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለሁለተኛ ባትሪና ለሁለተኛ ሚሞሪ ያውለው፤ ቦርሳውን፣ ማጣሪያውንና ትራይፖዱን ሥራው ራሱ እስኪጠይቀው ድረስ ይተወው።